ለእንግዳ ነው?

ከምኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር አንድ ሱቅ አለ። ሱቁን የያዘው ልጅ ደህና ልጅ ነው። ዱቤ ይሰጣል፤ ዝርዝር የለኝም ብሎ መልሱን በማስቲካ አይጨርስም፤ እንቁላል ሲሸጥ እንኳ አንድ በአንድ አገላብጦ አይቶ ነው። አንድ ጠባዩ ብቻ ያንገበግበኛል።

ቢራ ስገዛው ምንም አይለኝም። ሦስተኛ ፎቅ አረቄ የሚያዘወትር ጎረቤት አለን፤ እሱንም ምንም ሲለው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ወይን ጠጅ ስጠይቀው ግን እጁ መደርደሪያው ላይ እንደተሰቀለ፣ ጠርሙሱን ገና ሳያወርድ፣ በትከሻው ላይ አሻግሮ ያየኝና፣

«ለእንግዳ ነው ጋሼ?» ይለኛል።

«አዎ።»

ውሸቴን ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ቤት ያለው የትናንት ሽሮና እኔ ነን። ልጁ ግን አምኖኝ ጠርሙሱን በጋዜጣ ይጠቀልልና በጥቁር ፌስታል ይከተዋል። ጋዜጣው እንዳይሰበር ነው፤ ፌስታሉ እንዳይታይ ነው። እንዳይታይ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም።

ደረጃው ላይ ደግሞ የሁለተኛ ፎቋ እትዬ አሉ። የፌስታሉን ቅርጽ አይተው፣ «እንግዳ አለህ? እሰይ! እንግዳ የማይጠፋበት ቤት የአብርሃም ቤት ነው» ብለው ይመርቁኛል። በውሸት ላይ ምርቃት ተቀብዬ ቤቴ እገባለሁ። አንድ ቀን ግን፣ «የሚገርመኝ፣ እንግዶችህ ሲገቡም ሲወጡም አይታዩም። እውነት የአብርሃም እንግዶች ናቸው መሰለኝ» አሉኝ። ፊታቸውን ባየው ቀልድ ይሁን የምር አልለይ አለኝ።

ቢራ እንዲህ አያስጠይቅም። እኛ ሰፈር በተለይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ስንት ትውልድ አሳድጓል፤ ሜክሲኮ አካባቢ የነበረው ፋብሪካው ብቅል በሚቀቅልበት ሰዓት ሽታው የማይደርስበት ጓዳ አልነበረም። ሕፃን ሆነን ሳንጠጣ ቀምሰነዋል ማለት ይቻላል። ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም ዘመዶቻችን ናቸው። ወይን ጠጅ ግን ስንት ዘመን አብሮን ኖሮ ዛሬም እንግዳ ነው፤ እንግዳ የሚጠጣውም ለዚህ ይሆናል።

ስሙን እንኳ ከጠጅ ተበድረን ነው የሰጠነው። የወይን ጠጅ። የማር የሆነው «ጠጅ» ተብሎ ባጭሩ ሲጠራ የወይኑ የአባቱን ስም ጨምሮ ይጠራል፤ ሰፈር ውስጥ ሁለት አበበ ሲኖሩ እንደምናደርገው። በዚያ ላይ ስሙን ለቀለም አከራየነው። አክስቴ ከገጠር መጥተው ሰንብተው ሳለ፣ «ወይን ጠጅ ልግዛ ብዬ ወጣሁ» ብላቸው፣ «ስንት ሜትር?» ብለውኛል። መጋረጃ መስሏቸው ነው።

ሠርግ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አስተናጋጁ በአንድ እጁ ውስኪ፣ በሌላው ወይን ይዞ ይመጣል። ወንዶቹ ጋ ሲደርስ የውስኪው እጅ ይዘረጋል፤ ሴቶቹ ጋ ሲደርስ የወይኑ። እኔ ብርጭቆዬን ወደ ወይኑ እጅ ሳስጠጋ «የሴቶቹ ነው» ይለኛል፣ መጸዳጃ ቤት የተሳሳትኩ ይመስል። አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ አዝነውልኝ፣ «ጨጓራ አለበት» ብለው ነገሩልኝ። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ ጨጓራ አለብኝ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን የመከረው ለሆዱ ሕመም ብሎ አይደል? ጥቅሱን የማያውቅ ጠጪ አላጋጠመኝም። «ጥቂት» የምትለዋን የሚያስታውስ ግን የለም።

ለመሆኑ የምገዛው ምንድን ነው? ሻቶ ምናምን አይደለም። ወይ ጉደር ነው፣ ወይ አክሱሚት፤ ወር በገባ ሰሞን ደግሞ የዝዋዩ። የአንድ የውጭ ወይን ዋጋ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት የአገር ቤቱን ይገዛል፤ ሒሳቡን ለመሥራት የባንክ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

ርካሽ ናቸው ተብሎ ታሪክ የላቸውም ማለት አይደለም። ጉደር ስሟን ያገኘችው ከአምቦ አለፍ ብላ ካለችው ከተማ ነው። ጉደርንም አክሱሚትንም የሚያወጣው አዋሽ ወይን ጠጅ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ መካኒሳ ነው ፋብሪካው። ደርግ ወረሰው፣ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአገር ውስጥ ባለሀብትና «ኤይት ማይልስ» የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዙት። ሲገዙት የድርጅቱ ሊቀ መንበር የነበረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቦብ ጌልዶፍ። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ዓለምን ሁሉ በዘፈን ያስለቀሰው ሰውዬ! ያኔ እህል ሊያበላን፣ ኋላ ወይን ሊያጠጣን። ይህን ለጎረቤቶቼ ባወራሁ ቁጥር የሚያምነኝ የለም፤ «እንግዳህ ነው የነገረህ?» ይሉኛል።

ዝዋይ ያለውን ደግሞ ያቋቋመው የፈረንሳዮቹ ካስቴል ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራንም የያዘው እሱው ነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ባቱ በምንላት ከተማ፣ ሜርሎውን፣ ሲራውን፣ ካበርኔውን፣ ሻርዶኔውን ተክሎ በ2006 ዓ.ም. «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» ብሎ አወጣ። የፈረንሳይ ወይን ገበሬ ውርጭና በረዶ ሲፈራ ያድራል። የዝዋዩ ግን ዙሪያውን ሁለት ሜትር የሚሰፋ ቦይ አስቆፍሯል፤ ለጉማሬ፣ ለጅብና ለዘንዶ። ጉማሬ የሚከጅለውን ወይን እኔ ለእንግዳ ብዬ መግዛቴ ያሳፍራል።

ከአውሮፓ የተመለሰ አንድ ወዳጅ አለኝ። ሄዶ የቆየው ሁለት ዓመት ነው፤ ሲመለስ ግን ምላሱ የሃያ ዓመት ኖሮ መጣ። ቤቴ ጋበዝኩት (ይኼኔ እውነተኛ እንግዳ ነበረኝ፤ ለሱቁ ልጅ «አዎ» ስለው ድምፄ እንኳ ወፈረ)። ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ያዘ። አሽከረከረው። አፍንጫውን ከተተ። ጣሪያውን አየ። እኔም ጣሪያዬን አየሁ፤ ከላይ ጎረቤት ውሃ የሚያፈስ መስሎኝ ነበር።

«ብላክቤሪ» አለ። «መጨረሻው ላይ ደግሞ ትንሽ የኦክ እንጨት።»

እኔ ብላክቤሪ የማውቀው ስልኩን ነው። ኦክ የሚባል እንጨትም ልሼ አላውቅም። ግን ምን አልኩ? «እሱን እንኳ ልነግርህ ነበር» አልኩት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ብርጭቆዬን ብቻዬን ያዝኩና አፈርኩ። ብላክቤሪ ይሉት ነገር የእኛው የእንጆሪ ዘመድ እኮ ነው! ልጅ ሆኜ አያቴ አገር ከአጥር ሥር እየለቀምኩ ሸሚዜን ያበላሸሁበት። ደግሞስ አጋም የለንም? ኮሸም የለንም? ቀጋ የለንም? አጋም ጠቁሮ ሲበስል፣ መጀመሪያ ጣፍጦ ኋላ ምላስ ላይ የሚተወው ያ ጨምደድ የሚያደርግ ነገር፣ እሱን የሚመስል ቀይ ወይን ስንቴ ጠጥቻለሁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ዘቢብ አለ። ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴው ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፋ ጨምቃ አይደል የምታዘጋጀው? ልደታ ማርያም ጎን ያደገ ሰው የወይንን ሽታ ለማወቅ ፓሪስ መሄድ አይጠበቅበትም።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ሌላም ትዝ አለኝ። ምግብ ቤት ስትገባ አስተናጋጁ «ድራይ ነው፣ ስዊት?» ብሎ ይጠይቅሃል። ሰውም ግራ ይገባዋል፤ ድራይ ሲባል የመኪና ባትሪ ነው የሚመጣበት። ጠጅ ቤት ገብተህ ብትቀመጥ ግን ኮፒዋ፣ «ለስላሳ ነው፣ መካከለኛ፣ ደረቅ?» ትልሃለች። ደረቅ! ፈረንጅ በወይን መጽሐፉ ምዕራፍ የሚያወጣለትን ነገር እኛ በብርሌ ጨርሰነዋል። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ያለ ሕዝብ ወይኑ ጋ ሲደርስ ለምን አንደበቱ እንደሚታሰር አይገባኝም። ጠጅ ሲቀምስ «ማሩ አንሷል፣ ጌሾው በዝቷል፣ ብርዝ ነው ገና» ብሎ ዳኝነት የሚሰጠው ሰውዬ፣ ያው ሰውዬ፣ ወይን ሲሰጡት «አሪፍ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል።

ዳኝነት ካልኩ ዘንድ ጋሽ ሬጅስትራርን ላስተዋውቅ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ ስለወጡ ግቢው ያወጣላቸው ስም ነው። ጡረታ የወጡት ግን ከደሞዙ ብቻ ነው። ዛሬም የሚናገሩት እንደ መዝገብ ነው፤ «ሊፍቱ ተበላሸ» ሲባሉ «መቼ? በማን ፊት?» ይላሉ። እንግዳ የሌለኝ መሆኑን ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዴት አወቁ ብትሉ፣ አንድ ማታ አንኳኩተው ገቡና እንግዳው እሳቸው ሆኑ።

አንድ ብርጭቆ ቀይ፣ ደረቁን፣ ቀዳሁላቸው። ጠጡ። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«አንተ ምን ምን ይልሃል?» አሉኝ።

«ብላክቤሪ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ...»

«ብላክቤሪ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ከማን ሰማህ? የቀመስከውን መስክር። የሰማኸውን ለነገረህ ሰው ተውለት፣ እሱ ራሱ ይቅረብ።»

ላብ አጠመቀኝ። ቀመስኩ። «ኮምጠጥ ይላል» አልኩ። «አጋም አጋም። ከዚያ ምላስ ይይዛል።»

«እንደ ምን ይይዛል?»

«እንደ... ቅጠሉ ሳይወጣለት ተረስቶ እንደቆየ ሻይ።»

«ይመዝገብ» አሉና ብርጭቆውን ዘረጉልኝ። «ጨምር።»

እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም። እውነት ሲጀመር ደግሞ አያቆምም። በዚያው ማታ ሌላም አመንኩላቸው፤ ብቻዬን ስሆን አምቦ ውሃ እቀላቅልበታለሁ። ተማሪ ሳለሁማ በኮካ ነበር የምንጠጣው። ጋሽ ሬጅስትራር አልደነገጡም። እኔ ግን ስፈራ የኖርኩት ያንን ከአውሮፓ የመጣውን ወዳጄን ነው። ኋላ እንዳነበብኩት፣ ስፔን ባስክ አገር ወጣቱ ቀይ ወይን በኮካ ቀላቅሎ «ካሊሞቾ» የሚል ስም አውጥቶለት በየበዓሉ አደባባይ ይጠጣዋል። እኛ ስም ስላላወጣንለት ነው ተደብቀን የጠጣነው።

ሁለተኛው ኑዛዜዬ ስለ ጣፋጩ ወይን ነው። አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ አክሱሚትን «ሽሮፕ» እያለ ይንቃል፤ እኔም ሰው ፊት ንቄያታለሁ። ግን ዶሮ ወጥ በላሁ እንበል፤ በርበሬው አንጀት የሚያደርስ። በላዩ ላይ ደረቁን ቀይ ብትደፋበት ቃጠሎው ይብሳል እንጂ አይበርድም፤ ምላስ የሚይዘው ነገርና አልኮሉ ለበርበሬ ቤንዚን ነው። ጣፋጩን፣ ቀዝቀዝ አድርገህ፣ ስትከትልበት ግን አፍህ አደብ ይገዛል። በየሠርጉ «ጣፋጩን አምጣልን» የሚሉት እናቶች ወጡን ራሳቸው የሠሩ፣ የበርበሬውን ልክ ራሳቸው የሚያውቁ ናቸው። ደረቁ ለጥብስ ይሁን፣ ለጥሬ ሥጋ ይሁን፤ በዶሮ ወጥ ጉዳይ ግን ከእናቶች ጋር ነኝ።

ደሞ ዛሬ ማን ይንገረን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካስወረደ ወዲህ መጠጡን የሚያሞግስ የለም። ያለን የእርስ በርስ ምስክርነት ነው፤ እሱም «አሪፍ ነው» ከሚለው አላለፈም።

አሁን ወደ ግንቦት ልደታ ልምጣ።

ልደታ በግንቦት 1 ቤት ውስጥ አትከበርም። ሐናና ኢያቄም ተሰድደው ሳለ ድንግል ማርያም በሊባኖስ ተራራ ሜዳ ላይ ተወለደች ስለሚባል ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውን፣ ዳቦውን፣ ቡናውን ይዞ ደጅ ይወጣል። በስሟ የሚጠራ ሰፈር ውስጥ ይህን ማጉደል አይታሰብም። የድሮው መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲቆም ዛፎቹ አብረው ስለሄዱ፣ እኛ የምናከብረው መኪና ማቆሚያው ጫፍ ላይ፣ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ነው። ሣር ይጎዘጎዛል፤ ስንዴውና ሽምብራው በትልቅ ድስት ይመጣል፤ መዋጮው ከደረሰ በግም ይታረዳል። ዘንድሮ ደርሷል፤ ጥብሱ ሚጥሚጣ በዝቶበት ሕፃናቱ ውሃ ፍለጋ ይሯሯጡ ነበር።

የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ዘግየት ብለው፣ በሁለት እጃቸው ጠርሙስ አቅፈው ወረዱ። የውጭ ወይን ነው። ልጃቸው ከውጭ አገር በሰው እጅ የላከላቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ብፌው ላይ የቆመ። ብፌያቸውን አውቀዋለሁ፤ በመስኮቱ ትይዩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ቁጭ ትላለች። ጠርሙሱ እዚያ ከአንድ ያልተከፈተ ውስኪና ከሠርግ ብርጭቆዎች ጋር ቆሞ ኖሯል።

«ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው» አሉ። «ከእናንተ በላይ እንግዳ ከየት ላመጣ ነው?»

እልል ተባለ። መክፈቻ ግን ከመቶ አባወራ ቤት አንድ ጠፋ። የሱቁ ልጅ ረጅም ብሎንና ፒንሳ ይዞ መጣ፤ ብሎኑን ቡሹ ላይ አዙሮ አስገባ፣ በፒንሳው ነክሶ ሳበ። ቡሹ ቆሞ ሲኖር ደርቋልና እንደ ኩኪስ ተፈረፈረ። ግማሹ ወጣ፣ ግማሹን በእንጨት ማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋነው። በሻይ ማጥለያ ቀዳን። ቀይ የነበረው ወይን የጡብ መልክ ይዟል። ሽታው ብርጭቆው አፍ ሳይደርስ አፍንጫ ደረሰ።

ጠጣን። የሁሉም ፊት ለአንድ አፍታ ተጨማደደና ተመለሰ።

«አቤት የውጭ ነገር!» አለ አንዱ።

«ቆይቷላ፣ የቆየ ነው የሚወደደው» አለ ሌላው።

ወዳጄ የነገረኝ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ኦክ ልል ነበር፤ እውነቴን ነው። እትዬ ዓይን ዓይናችንን ያያሉ። የልጃቸው ስጦታ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አቧራውን ጠርገውለታል። ቃና ዘገሊላ ላይ አሳዳሪው ጥሩውን እስከ አሁን አቆይተሃል ብሎ ሙሽራውን ሲያደንቅ፣ ወይኑ እንደ እኛው ቢሆንስ ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ ሳስብ እትዬ ወደ ጋሽ ሬጅስትራር ዞሩ።

«እርስዎ ዝም አሉሳ?»

ሽማግሌው ብርጭቆውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እትዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይኼ ወይን እንግዳውን ሲጠብቅ ኖሮ አርጅቷል።»

ዝም ተባለ። እትዬ ብርጭቆውን አንስተው ራሳቸው ቀመሱ። ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ፣

«ለሰላጣ ግን ይሆናል አይደል?» አሉ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ለሳቅ ብቻ እንደሆነ ግን አልማልም።

እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ቤቴ ወጣሁና ፍሪጅ ውስጥ የነበሩትን ሁለት አክሱሚቶች ይዤ ወረድኩ። ፌስታሉን እላይ ትቼው። ጥብሱ ገና ትኩስ ነበር። ያንን ሚጥሚጣ በዚያ ቀዝቃዛ ጣፋጭ ስናበርደው «አሪፍ ነው» ያለ ሰው የለም፤ ዘቢብ ነው ያለ አለ፣ የልጅነት እንጆሪ ነው ያለች አለች፣ አንዷ «የኔ እናት ጓዳ» አለችና ምን ማለቷ እንደሆነ ማንም ሳይጠይቃት ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ሁለተኛ እየተቀዳላቸው፣

«የእንግዳህን አጠጣኸን እኮ» አሉኝ።

«እንግዳው አልመጣም እትዬ።»

«ገብቶኛል» አሉ። «እኔም ስንት ዓመት አልመጣልኝም።»

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ እንደ ልማዱ እጁን መደርደሪያው ላይ ሰቅሎ በትከሻው ላይ አሻግሮ አየኝ።

«ለእንግዳ ነው ጋሼ?»

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «አይደለም» አልኩት። «ለራሴ ነው። ብቻዬን ልጠጣው ነው።»

እጁ ከነጠርሙሱ ቀስ ብሎ ወረደ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ያለ ወትሮው ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ ጠቀለለበት፣ ፌስታሉን ደረበ፣ ሒሳቡንም «ግድ የለም፣ ሲመችዎት» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አይዞት ጋሼ» አለኝ፣ «ያልፋል።»